የዘገየው ጸናጽል

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የነገረኝ የብሎካችን ጥበቃ ነው። ከቅዳሴ ስመለስ ከሕንፃው ሥር ድንኳን እየተተከለ ነበር። ቆም ብዬ «ማን ነው?» አልኩት።

«ባለ ሙዚቃው» አለኝ። «የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ አልከፈቱም።»

መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «እርሳቸው መቼ ይሰማሉ፤ ተኝተው ይሆናል» የሚል ሐሳብ ነበር። ከዚያ ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ሲያቆሙ አየሁ። አማተብኩ።

በብሎካችን ሰው ሁሉ «ባለ ሙዚቃው» ይላቸው ነበር። ሲያርፉ ግን ከቤታቸው ድምፅ ከተሰማ ስምንት ወር አልፎ ነበር። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ለምን እንደሆነ ይጠያየቁ ነበር። አንዷ «ንስሐ ገብተው ነው ዘፈን የተዉት» አለች። ሌላዋ «ዕቃው ተበላሽቶባቸው ነው» አለች። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። ንፍሮ ማዞሬን ቀጠልኩ።

ለእኚህ ሰው ብዙ ምስጋና አለብኝ። የበደልኳቸውም አንድ በደል አለ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

የተዋወቅነው ልደታ ኮንዶሚኒየም በገባን ዓመት ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ቤዛ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ጋሽ ዘውዴ ልክ ከእግራችን በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ነበሩ። እዚሁ ጌጃ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ለበዓል ነጭ ሽንኩርት ስወቅጥ በሩ ተንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

«ሰርግ አለ?» አሉኝ።

«የለም አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ውቀጣ ለምንድን ነው? ሸክላ እየሰማሁ መርፌው ከሁለተኛው ዘፈን ተነሥቶ አራተኛው ላይ አረፈ። ሦስተኛውን አንቺ ወቀጥሽው።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀልድ መሆኑ አልገባኝም ነበር። እርሳቸው «ሙቀጫውን አሳዪኝ» ብለው ገቡ። ጎንበስ ብለው ሦስት ጣታቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። ይህ ልማዳቸው ነበር፤ ጠረጴዛም ይሁን ግድግዳ፣ ሐኪም የልብ ምት እንደሚፈልግ ሦስት ጣት ያሳርፉበታል። ከዚያ ወርደው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክና ለሁለት የተከፈሉ የቴኒስ ኳሶች ይዘው ተመለሱ። ኳሶቹን ከላስቲኩ ሥር ደርድረው ሙቀጫውን ከላይ አስቀመጡት።

«ጫማ አደረግኩለት። እኔ ስወርድ ጀምሪ» አሉ።

ወቀጥኩ። ከታች በመስኮት «በርቺ የኔ ልጅ፣ ውቀጪ» ሲሉ ሰማሁ።

ባለቤቴ ያን ቀን ከሳቁ ብዛት እንባው መጣ። «ለሙቀጫ ጫማ የሚሰፋ ሰው ጎረቤት ሰጠን» አለ።

ቤታቸውን ያየሁት በሳምንቱ ነው። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የቀረው የድምፅ ዕቃ። ስፒከሮቹ ቁመታቸው ቤዛን ያክላል። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር በገዛ እጃቸው የሠሩት ነበር፤ ድሮ በሬዲዮ ውስጥ የነበሩት ዓይነት አምፖሎች ከላዩ ተተክለው ሲበሩ የሻማ ቀለም አላቸው። ሁሉም ዕቃ እግር ተሠርቶለታል። አሸዋ የሞላ ሣጥን፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የእብነ በረድ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ ነው ዕቃው የሚቀመጠው።

«ሰው ድምፅ የሚበላሸው በጩኸት ይመስለዋል» አሉኝ። «በንዝረት ነው። ይቺ ከተማ ቀኑን ሙሉ ትንቀጠቀጣለች።» ሦስት ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «ይሄ ባቡሩ ነው። ይሄ ከማዶ ሲሚንቶ የሚያቦካው ነው። ይቺ ደግሞ የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ናት፤ ልጇን እየተቆጣች ነው፣ በተረከዟ ነው የምትረግጠው።»

እኔ ዘፈን ብዙ አልሰማም። እርሳቸው ይህን ስላወቁ፣ በጾም ወራት ወደ ቤታቸው ስወርድ ዘፈኑን ያቆማሉ። «የቤዛ እናት መጣች፣ ሰይጣን ውጣ» ይላሉ ለሸክላው።

ባለቤቴ የታመመው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። በሽታው አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም። ሐኪሞቹ ከሆስፒታል ወደ ቤት ውሰዱት ካሉን በኋላ አምስት ወር አልጋ ላይ ቆየ። የሕንፃችን ውሃ መግፊያ ሞተር ከደረጃው ሥር ነው። ቀን ቀን ውሃ ሲመጣ ሞተሩ ይነሣል፤ ሲነሣ አልጋው በጣም በቀላሉ ይርገበገባል። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም። ባለቤቴ ግን ትራሱን ይነክስ ነበር። እኔ ሕመሙ በሰዓት የሚነሣበት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ ሊጠይቁት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ። ባለቤቴ ፊቱን አዞረ። እርሳቸው ሦስት ጣታቸውን የአልጋው ብረት ላይ አሳረፉ። ሞተሩ እስኪቆም ጣታቸውን አላነሡም። ከዚያ ወጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጥበቃው ጋር ተመለሱ። አራት የአሸዋ ሣጥን፣ ላስቲኩን፣ እብነ በረዱን ተሸክመዋል። የራሳቸውን ዕቃ እግር ነቅለው ነው ያመጡት። አልጋውን በቀስታ፣ አንድ አንድ እግሩን እያነሡ አስቀመጡት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው አልጋው ጠርዝ ላይ በጣውላ አቆሙና ሞተሩ እስኪነሣ ጠበቁ። ተነሣ። ውሃው ዝም አለ።

ባለቤቴ ብርጭቆውን እያየ «ጋሽ ዘውዴ፣ እኔንም እንደ ሸክላ ቆጠሩኝ?» አለ።

«አንተማ ከሸክላ ትበልጣለህ። ሸክላ ቢሰበር ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሄጄ ሌላ አገኛለሁ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተኛ። እስኪያርፍ ድረስ በዚያ ሞተር ምክንያት ትራሱን አልነከሰም። በእነዚያ አምስት ወራት ከታች አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ዕቃቸው ባዶ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበርና አላጫወቱትም። ስጠይቃቸው «ሸክላው ይጠብቃል፤ እርሱ አያመውም» አሉኝ።

ለእኚህ ሰው ምን ብዬ አይሆንም እላለሁ? ከዚያ ጀምሮ የጠየቁኝን ሁሉ እሺ ማለት፣ የሠሩትን ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ዕዳዬ መሰለኝ። ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በጾም ወራት የሚያሰሙኝ አንድ የሪል ቴፕ፣ በትልቅ ክብ ላይ የተጠመጠመ የድሮ ቴፕ፣ ነበር። ወጣት ሠራተኛ ሳሉ የልደታ ዕለት እዚሁ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱን ራሳቸው የቀዱት ነው። አባታቸው እዚያው መሪጌታ ነበሩ፤ በዓመቱ አርፈዋል። ሌላ ቅጂ የለውም። «ከመካከላቸው አባቴ አለ» ብለውኛል። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም። ሲሰሙት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፈገግ ይላሉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከአራት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም፣ ያ ቦታ ደረሰና ፈገግ አላሉም። ዓይናቸውን ከፈቱ። ቴፑን መልሰው አጫወቱት። እንደገና መለሱት።

«ምነው ጋሽዬ?»

«የሆነ ነገር ጎድሏል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጡ። መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን አምፖሎች በሙሉ ቀየሩ። ቀጥሎ ውስጡን ከፍተው ያረጁትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ነቅለው በአዲስ በየዱ። ከዚያ ጥፋቱን ወደ ንዝረቱ አዞሩት። የባቡሩ መንቀጥቀጥ ጨምሯል አሉ። አሸዋውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ነፍተው መለሱት። የቴፕ ማጫወቻውን በገመድ ከጣሪያው ሊሰቅሉት ሞክረው ነበር። እኔ ስገባ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይቼው ስፈራ «አትፍሪ፣ ማርያምን፣ ከአንቺ ሙቀጫ ይሻላል» አሉኝ።

አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር ይጠሩኛል። «የቤዛ እናት፣ ጆሮሽ ያስፈልገኛል።» ወንበሩ ላይ ያስቀምጡኛል። ቴፑን ያጫውታሉ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል።

«እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው።»

«ካለፈው ይሻላል?»

«ይሻላል።»

ምን እንዳጡ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ ነበር። ግን የሥራ ሕግ ነበራቸው። በመሥሪያ ቤታቸው ለወጣቶቹ ሲያስተምሩ የኖሩት ነው፤ ለሚሰማ ሰው ምን እንደሚሰማ አይነገርም። ከተነገረው ባይሰማውም ሰማሁ ይላል፤ ሰው ሰውን ማስቀየም አይወድም። እኔ ግን ምንም ሳይነግሩኝም ጥሩ ነው እያልኩ ሕጋቸውን ከንቱ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ለእኔ አይታወቀኝም ነበር። ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ አለ፣ የካህናቱ ድምፅ አለ። አዳምጬ፣ በልቤ ጸልዬ፣ ጥሩ ነው ብዬ እወጣለሁ።

በዚያው ወራት ሌላም ነገር አይ ነበር። የበራቸው ደወል ቢጮህ አይከፍቱም፤ በቡጢ ስመታው ይከፍታሉ። የሻይ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ውሃው ያልቅበታል። አንድ ጠዋት መስኮት ላይ ቆመው «ድንቢጦቹ ከልደታ ወጡ» አሉኝ። «ይሄ ግንባታ አባረራቸው።» ድንቢጦቹ ከመስኮቱ ማዶ ሽቦው ላይ ተደርድረው እየተንጫጩ ነበር። ዓይናቸውም ደክሞ ስለነበር አላዩዋቸውም። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ጆሮ ይከብዳል ብዬ «አዎ ጋሽዬ» አልኩ።

ከዚያ አዲሱ አምፕሊፋየር መጣ። አንድ ወዳጃቸው ከውጭ ያስመጣላቸው ነው። ከባድ፣ ጥቁር፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ይህንን ለመግዛት የባለቤታቸውን የወርቅ ሐብል እንደሸጡ በኋላ ሰምቻለሁ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁመው ጠሩኝ።

በመጀመሪያ አሮጌውን አሰሙኝ። ካህናቱ እዚያው ክፍል ውስጥ የቆሙ መሰለኝ። ቀጥሎ አዲሱን። ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዙረውት ነበር። ጸናጽሉ እንደ ሚስማር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ።

«የቱ ይሻላል?» አሉ።

አሮጌው ይሻላል። ይህን ያህል ለፍተው አዲስ ላስመጡ ሰው ግን እንዴት አሮጌው ይሻላል ይባላል?

«አዲሱ» አልኩ።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

በሳምንቱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ ሰው መጥቶ አሮጌውን ገዝቶ ወሰደ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው እስከ ታች አብረው ወረዱ። ሃያ ዓመት እየጨመሩ፣ እየቀነሱ የሠሩት ነበር። ሰውየው መኪናው ላይ ሲጭነው «ቀስ አድርገህ ንዳ» ሲሉት ከበረንዳዬ ሰማሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ምሳ ይዤላቸው ወረድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ቴፑ እየተጫወተ ነው። ጋሽ ዘውዴ ወንበራቸው ላይ ጥቁር ፌስታል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ግቢ፣ ተቀመጪ» አሉ። «የመጨረሻው ነው። ሲያልቅ እጥለዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቴፑን። ገደልኩት።»

አልገባኝም። አስረዱኝ። በአሮጌውም በአዲሱም አምፕሊፋየር ውስጥ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። እርሳቸው ደግሞ የቴፑን ሣጥን ለዓመታት አምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ትራንስፎርመር በዙሪያው እንደ ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔት ደግሞ ከቴፕ ላይ ድምፅ ያጠፋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

«በፊት ዕቃው ነው የሚደብቀው እል ነበር። አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ፣ የለም። ንዝረቱን አጠፋሁ፣ የለም። ለካ በራሴ እጅ እየፋቅኩት ነበር። አርባ ዓመት ለጀማሪ ሁሉ ሳስተምር የኖርኩትን፣ ቴፕ ከትራንስፎርመር አጠገብ አታስቀምጡ የምለውን፣ እኔው ሠራሁት። የአባቴን ጸናጽል እኔው አጠፋሁት።» እጃቸውን ወደ ስፒከሩ ዘረጉ። «ይኸው ስሚ። ከበሮው አለ። ጸናጽል የለም።»

ጸናጽሉ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እርሳቸው የለም ሲሉ እኔ ጆሮዬን ያመኝ ነበር።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ደወሉ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ድንቢጦቹ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «እንዴት ነው» ያሉኝ። ዝም ካልኩ የአባታቸውን ድምፅ በገዛ እጃቸው እንዳጠፉ አምነው ይሞታሉ፣ ቴፑም ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ከተናገርኩ ጆሯቸውን እወስድባቸዋለሁ። ለእርሳቸው ከጆሯቸው በቀር ምን ነበራቸው? እመቤቴን ለመንኳት። ምን ብዬ እንደለመንኳት አላስታውስም።

«ጋሽዬ፣ ጸናጽሉ አለ» አልኩ።

«አታጽናኚኝ።»

«አለ። እሰማዋለሁ።»

አዩኝ። ተነሥተው ቴፑን አቆሙት፣ ወደ መጀመሪያው መለሱት።

«ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ» አሉ። ድምፃቸው የሥራ ሰው ድምፅ ሆነ። «ሲገባ እጅሽን አንሺ። ሲያቆም አውርጂ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ቀድሞ ዜማው ብቻ ነበር። ከዚያ መቋሚያው። ጸናጽሉ ሲገባ እጄን አነሣሁ። ሲያቆም አወረድኩ። እንደገና ገባ፣ አነሣሁ። እርሳቸው ቴፑን በቃላቸው ያውቁታል፤ የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያቆም ከማንም በላይ ያውቁታል። ሦስተኛ ጊዜ ሳወርድ ከኋላዬ ድምፁ ጠፋ። ቁልፉን ነክተውት ነው።

ስዞር ተቀምጠው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜም ነበረ ጋሽዬ።»

«አሮጌው አምፕሊፋየር እያለም?»

«እያለም።»

«እንግዲያ እርሱ አልታመመም ነበር» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞረው «ድንቢጦቹስ?» አሉኝ።

«አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ሲጠይቁኝ ጥሩ ነው ያልኩት ስለምወድዎት ነው አልኩ። «አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ያመጣሁትን ምሳ በሉ፤ እኔን ላለማስቀየም መሆኑን አየሁ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው፣ በትሕትና አስረዳን። ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ሞቷል፤ መሣሪያ የተረፈውን ያጎላል እንጂ የሞተውን አያስነሣም አለ። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ሰጣቸው። በታክሲ ስንመለስ «ይህም አምፕሊፋየር ነው» አሉኝ። «የመጨረሻው።» ቤት ገብተው ቴፑን ሲሰሙበት የሰው ንግግር ጎልቶ መጣላቸው። ጸናጽሉ ግን ሰው ፌስታል እንደሚጨማድድ ሆነባቸው።

ፍልሰታ ገባ። በጾሙ በሁለተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ከዛሬ በፊት ለሰሚ ነግሬ የማላውቀውን እነግርሻለሁ» አሉ። «አባቴ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ጠምሞ ነው የገጠመው። ስለዚህ ጸናጽል ሲይዝ ክንዱ ሲመለስ ከሌሎቹ ትንሽ ይዘገያል። የፀጉር ያህል ነው። ካህናቱ፣ ‹መሪጌታ፣ እኛ ቀድመን እንግባ፣ እርስዎ በኋላ ይድረሱብን› እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከዚያ ሁሉ ጸናጽል መካከል የዘገየው እርሱ ነው። እኔ በሰማሁት ቁጥር አባቴን አየዋለሁ። እርሱን ፈልጊልኝ።»

«እሺ ጋሽዬ።»

«ነገር ግን ስለነገርኩሽ፣ አገኘሁት ብትዪኝ ላምንሽ አልችልም። ይህን እወቂ። ቢሆንም ፈልጊው።»

ከቅዳሴ መልስ በየቀኑ ወረድኩ። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እርሳቸው ከስፒከሩ ይልቅ የእኔን ፊት ያያሉ። ያን ቦታ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ ያስደግሙኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸናጽል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንዱን ከአንዱ ለይቼ ለማዳመጥ ግን አስቤ አላውቅም። ለእኔ ጸናጽል አንድ ድምፅ ነው። አንዳንድ ቀን ያገኘሁት ይመስለኛል፤ ሲደገም ይጠፋል። ቤቴ ስገባ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ቤዛ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። «ሰው እየፈለግኩ ነው» እላታለሁ።

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ቴፑን አቁመው ጠየቁኝ።

«አለ?»

ፊታቸውን አየሁ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። አላምንሽም ቢሉም ደስ ሊላቸው ይችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልኩት እርሱን ነው፤ አፌ ለምዶታል።

«አልለየሁትም ጋሽዬ» አልኩ። «ለእኔ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው።»

መሣሪያውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህንን አምኜሻለሁ» አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «አባቴን የምታውቅ ጆሮ አንዲት ነበረች» አሉ። «እርሷም የእኔ ነበረች።»

ተነሥተው አምፕሊፋየሩን አጠፉት። ከዚያ ቀን በኋላ አላበሩትም።

ስምንት ወር ኖሩ። ምሳ አወርድላቸው ነበር። ስለ ቤዛ ትምህርት፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሰፈሩ እናወራ ነበር፤ እኔ ጮክ ብዬ፣ እርሳቸው ከንፈሬን እያዩ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሄጄ አሮጌውን አምፕሊፋየር ፈልጌ ነበር፤ ሰውየው ለክፍለ ሀገር ሰው ሸጦታል። አልነገርኳቸውም። በሦስት ጣታቸው አንድም ነገር ሲነኩ ከዚያ በኋላ አላየሁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ይቀመጡ ነበር፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው።

ከሠልስቱ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ዕቃውን ለመውሰድ መኪና ይዞ መጣ። የቴፑን ሣጥን ግን ለእኔ ሰጠኝ። በላዩ ላይ በእርሳቸው ጽሕፈት «ለቤዛ እናት» ተብሎ ተጽፏል። ማጫወቻ የለኝም፤ እንዲተውልኝም አልጠየቅኩም።

ሣጥኑ አሁን ከዳዊቴ አጠገብ ነው። ጸሎት ሳደርግ ለሁለቱም ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ለባለቤቴም ለጋሽ ዘውዴም። ለአባታቸውም እላለሁ። ቴፑ አልተበላሸም፤ ምንም የጠፋ ነገር የለውም። መሪጌታው በውስጡ ቆመው ከጓደኞቻቸው ጋር ያመሰግናሉ፣ በጠመመ ክንዳቸው፣ ከሁሉም የፀጉር ያህል ዘግይተው። የትኛው እንደሆኑ የሚለይ ሰው ግን ከእንግዲህ በምድር ላይ የለም።